ባልቴቷና የእጅ ባትሪው

ተመራማሪዋ የልጇን የእጅ ባትሪ በብረት መቆንጠጫ አጥብቃ ጠረጴዛው ላይ አቆመችውና በጨለማው ውስጥ ወንበሯን በእግሯ ዳብሳ ተቀመጠች። ባትሪው ጀርባው ላይ ቢራቢሮ የተለጠፈበት፣ ልጅቷ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምታነብበት ነው። ጠዋት ከትራሷ ሥር ስትመዝዘው ልጅቷ አልነቃችም። አሁን ብርሃኑ በዝቶ መሣሪያውን እንዳያሳውረው ከፊቱ ጥቋቁር መስታወቶች ተደራርበውበታል፤ በእነሱ መካከል የሚያልፈው ብርሃን በሰው ዓይን የሚታይ አይደለም።

"እባክህ፣ ዝም ብለህ ቀጥ በል" አለችው ኮምፒውተሩ ላይ መታየት የጀመረውን መስመር።

መስመሩ ቀጥ አላለም። ነጠብጣቦቹ እየተደራረቡ ሲሄዱ ከግራም ከቀኝም ተስተካክለው ቆዩና ልክ መሐሉ ላይ ጉድጓድ ከፈቱ። ያው ጉድጓድ ነው። ስሟን ያስጠራው፣ በመስታወት ተለብጦ በመምህሯ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጉድጓድ። ከልጅ ትራስ ሥር የወጣ የእጅ ባትሪ ሊያወጣው የማይገባ፣ ሊያወጣው የማይችል ጉድጓድ። ሆዷ ሰሞኑን ሲጠረጥር የከረመውን ነገር አሁን ዓይኗ አየ፤ ማልቀስ ሲገባት ሳቅ መጣባት።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ለሰው ስታስረዳ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከድስት ክዳን ነው። እንፋሎት ክዳን ላይ ሲያርፍ ጠብታ ጠብታ ይሆናል። ሴሚኮንዳክተር የሚባለውን የኮምፒውተር መሥሪያ ማዕድን አንዱን ዓይነት በሌላው ላይ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ሲያነጥፉትም እንደዚያው በየቦታው ይቋጠራል፤ ጠብታዎቹ ግን ከማነሳቸው የተነሣ ሺዎቹ ተሰብስበው የአንዲት ጸጉር ውፍረት አይሞሉም። ኳንተም ዶት የሚባሉት እነሱ ናቸው። በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዘው በሌዘር ሲመቷት፣ ጥሩዋ ጠብታ አንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ አንዲት ፎቶን ብቻ ትለቃለች። ትንሽ ታርፍና ሌላ አንድ ትለቃለች።

"አንድ ብቻ መልቀቋ ምን ይጠቅማል?" ብሏት ነበር ባሏ በተጋቡ ሰሞን። "ብርሃን እንደሆነ ሲበዛ ነው የሚያምረው።"

"ምስጢር በብርሃን ስትልክ፣ ቅንጣቷ አንድ ከሆነች ሌባ ሲነካት ይታወቅበታል። ሁለት ሁለት ከላክህ ግን አንዷን ይሰርቅና ሌላዋን እንዳልነካ ያሳልፍልሃል።"

"እንግዲህ የምትፈልጊው ቆጥቋጣ ነው በይኛ።"

ቆጥቋጣዋን ካገኟት ከርመዋል። በአንዲት የጥፍር ስባሪ በምታህል ቁራጭ ላይ ካሉት ጠብታዎች መካከል የተገኘችዋን፣ ሳንቲም ከመሐረቧ ቋጠሮ አንድ አንድ እያለች እንደምትሰጥ አሮጊት ስለሆነች "ባልቴቷ" አሏት። ስሙን ያወጣው የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ነው፤ እሱን ራሱን ደግሞ ኪሱ ብሎን ስለማያጣ ሁሉም "ብሎን" ይለዋል። ባልቴቷ አንድ አንድ መልቀቋ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ብርሃኑ ግማሹን በሚያሳልፍ፣ ግማሹን በሚመልስ መስታወት መንታ መንገድ ይገጥመዋል። በየመንገዱ ጫፍ ቅንጣት ስትመጣ ደወል የሚደውል ዘበኛ አለ። አንዲት ቅንጣት በሁለት መንገድ አትሄድምና ሁለቱ ደወሎች አንድ ላይ አይደወሉም። ኮምፒውተሩ የሚስለው መስመር ሁለቱ ደወሎች በምን ያህል ጊዜ ተራርቀው እንደተደወሉ ይቆጥራል፤ በተራ ብርሃን ቀጥ ይላል፣ በባልቴቷ ግን መሐሉ ባዶ ይሆናል። ጉድጓዱ ይህ ነው፤ አንድ ላይ የተደወለበት ጊዜ የለም ማለት ነው።

ደወሎቹን የሚቀበለው ቆጣሪ ሣጥን ሁለት መግቢያ ነበረው። አንደኛው ሲሞት አዲስ ሣጥን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም። ጋሼ የምትላቸው መምህሯ ግን የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ ናቸው፤ በቤታቸው የተጣለ ዕቃ የለም። ሁለቱን ሽቦ በገዛ እጃቸው በይደው በደህናው መግቢያ አስገቧቸው። ሣጥኑ ሠራ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ብየዳውም የእውነት ያማረ ነበር።

ሣጥኑ ግን አንድ ደወል ከሰማ በኋላ ለቅጽበት ይደነቁራል። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ዘበኛ ቢደውል አይሰማም። በር ላይ ቆሞ አንድ እንግዳ ባለፈ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው "እንግዶች ሁሉ የመጡት አንድ አንድ እየሆኑ ነው" ብሎ ቢምል ምን ይባላል? እነሱ ግን ያንን ሰው አምነው ጽፈዋል፣ አሳትመዋል፣ ተሸልመዋል። ተመራማሪዋ የጠረጠረችው ከሰሞኑ፣ የላቦራቶሪውን ገንዘብ ለሚወስኑት ለዛሬዎቹ ገምጋሚዎች ስትዘጋጅ፣ የሌዘሩን ጉልበት ጨምራ ጉድጓዱ መጥበብ ሲገባው ንቅንቅ አልል ሲላት ነው።

በሩ ተከፍቶ ብሎን ገባ። መጋረጃውን በጥንቃቄ ከኋላው ዘጋና ወደ ኮምፒውተሩ ቀረበ።

"ውይ ባልቴቷ፣ ዛሬማ አምሮባታል" አለ። "ጠዋት ጠዋት እንዲህ ትሠራለች እንዴ?"

"ባልቴቷ አይደለችም።"

"ማናት ታዲያ?"

"ባትሪ ነው። የልጄ የእጅ ባትሪ።"

ብሎን ሣቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን በጣቱ ዳበሰና መቆንጠጫውን፣ ቀጥሎም ቢራቢሮውን አገኘ። ሣቁ አለቀ።

"ሣጥኑ ነው አይደል?" አለ። "መግቢያው።"

"መግቢያው።"

"ምናልባት ሣጥኑ ቢዋሽም ባልቴቷ እውነቷን ይሆናል እኮ። ሌባ ስለመሰከረልሽ ብቻ ሰረቅሽ አይባልም።"

"ትናንት ረጅም ሽቦ ቀጥዬ አንደኛውን ደወል አዘገየሁት፤ ሣጥኑ ከመደንቆሩ ሲነቃ እንዲደርስ። ጉድጓድ የለም፣ ብሎን። ሁለት ሁለት ነው የምትለቀው። አንዳንዴም ሦስት።"

"ባልቴት ያልናት ባለትዳር ነበረች በይኛ" አለ። ለመቀለድ ነበር፤ ግን ራሱም አልሣቀም። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ የሱ ውል የሚታደሰው የላቦራቶሪው ዕድሜ ዛሬ ከታደሰ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። "አለቃ፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ለጋሼ እነግራቸዋለሁ።"

"ዛሬ? ሰዎቹ ከሰዓት እየመጡ?"

"እየመጡ ስለሆነ ነው እኮ።"

"የስንቱን ጉሮሮ እንደምትዘጊ ግን አስበሽዋል?"

አስባዋለች። ሌላ ያሰበችው ነገር አልነበረም።

ከምድር ቤቱ ደረጃ ስትወጣ ስልኳ ጠራ፤ ባሏ ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ የሠራበት ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ እቤት ነው የሚውለው፤ የሚኖሩበት ቤት ደግሞ የተቋሙ ስለሆነ ላቦራቶሪው ሲዘጋ አብሮ ይለቀቃል። ሰሞኑን ከየሱቁ ባዶ ካርቶን እየለመነ ኮሪደሩ ላይ ይከምር ጀምሯል።

"የልጅቷን ባትሪ አይተሻል?" አላት። "ትራሷን ሁሉ ገለባበጠችው። ትምህርት ቤት ያደረስኳት እያለቀሰች ነው።"

"እኔ ጋ ነው። ማታ ይዤላት እመጣለሁ።"

"አንቺ ደሞ ያን ሁሉ ሌዘር ይዘሽ በልጅ ባትሪ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አንድ ነገር ልፈትሽበት ነበር።"

"ታዲያ ሠራ?"

"በደንብ ሠራ" አለች።

"ተመስገን። ዛሬ ካለፈ ካርቶኖቹን ለጎረቤት እሰጣቸዋለሁ፤ መተላለፊያ አሳጡን። እናቴ ጋ ሦስታችን በአንድ ክፍል... እሱን እንኳ አንናገረው። በርቺ እሺ?"

"እሺ" ብላ ዘጋችው። ለባሏ ዋሽታ አታውቅም ነበር፤ አሁንም አልዋሸችም፤ ግን የዋሸ ሰው ፊት ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

የመምህሯ ቤት ከተቋሙ ጀርባ፣ የድሮ ሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ነው። በሩን የከፈቱላት ባለቤታቸው ናቸው፤ የካውያው ገመድ እጃቸው ላይ ተጠምጥሟል።

"ግቢ ልጄ። ሱፉን እየተኮስኩለት ነው። ማታ ዓይኑን አልከደነም፤ ሲገላበጥ ነው ያደረው። ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው እኮ የኖረው።" ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። "ምነው ገረጣሽ? አሞሻል?"

"ደህና ነኝ እትዬ። እንቅልፍ አጥቼ ነው።"

"እናንተና እንቅልፍ መቼ ተዋወቃችሁና።"

መምህሩ መስኮት አጠገብ፣ ራሳቸው ጠግነው ዕድሜ የቀጠሉለት ሬዲዮ ፊት ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ላይ ግርዶሽ ከወረደ ወዲህ ሰውን የሚለዩት በእርምጃ ድምፅ ነው፤ እሷን ግን ከበሩ ጀምሮ ያውቋታል።

"መጣሽ? እንኳን መጣሽ፣ ዳኝነት ያስፈልጋል። እሷ ቀዩን ክራባት ትላለች፣ እኔ ሰማያዊውን። አንቺ በየትኛው ነሽ?"

"ጋሼ፣ ሌላ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

"ንገሪኛ።"

"ሣጥኑ ነው።"

"ቆመ?"

"አልቆመም። ይሠራል። ግን... ጠዋት የልጄን የእጅ ባትሪ አበራሁበት። ያንኑ ጉድጓድ አወጣ።"

መምህሩ ሬዲዮውን ዘጉት። ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ የሌለ ሽቦ የሚያጣምሩ ይመስል መንቀሳቀስ ጀመሩ። እሷ የቀረውን ነገረቻቸው፤ የሌዘሩን ጉልበት፣ ረጅሙን ሽቦ፣ የባልቴቷን ሁለት ሁለት መልቀቅ። የምትናገረው አጠገባቸው ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኚህን ሰው ከወለዷት አባቷ አስበልጣ ነው የምትወዳቸው፤ ይህንንም እሳቸው ያውቁታል።

"ብየዳው ላልቶ ይሆን?" አሉ በመጨረሻ።

"ብየዳው ደህና ነው ጋሼ። ችግሩ ብየዳው አይደለም።"

"የኔ ብየዳ ላልቶ አያውቅም" አሉ፤ ትንሽ ኩራት ነበረበት። ቀጥሎ ግን ትከሻቸው ወረደ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"እርግጠኛ የሆንኩት ዛሬ ጠዋት ነው።"

"ሌላስ ማን ያውቃል?"

"ብሎን ብቻ።"

"እንግዲያው ነገ እወቂው።"

"ጋሼ!"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? አንድ ሌሊት ይደር። ዛሬ ይፈርሙ። በሚለቁት ገንዘብ አዲስ ሣጥን ትገዣለሽ፣ እውነተኛዋን ጠብታ ትፈልጊያለሽ፣ ታገኛለሽም። እሷ ስትገኝ የዚችን ነገር የሚያነሣ የለም።"

"ባላገኝስ?"

"ያኔ እኔ የለሁም" አሉ፣ የአየር ሁኔታ የሚናገሩ ያህል ረጋ ብለው።

"ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቁጥር ሲያስደስትሽ ያን ጊዜ ጠርጥሪው ብለውኛል፤ ገና የመጣሁ ለት።"

"አስተምሬሻለሁ። ብዙ ሰው አስተምሬያለሁ። አሁን ደግሞ የማላየውን ክራባት ሊያስሩልኝ ነው።" እጃቸውን ወደሷ ዘረጉ፤ ትከሻዋን ሳይሆን የወንበሩን መደገፊያ አገኙና እሱኑ መታ መታ አደረጉት። "ልጄ፣ አንድ ቀን ነው የለመንኩሽ። አንድ ቀን ብዙ ነው?"

ስትወጣ ባለቤታቸው ኮሌታዋን አስተካከሉላትና "አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል" አሏት፣ ስለ እንቅልፏ መስሏቸው።

ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ባልቴቷ በቦታዋ ተመልሳ ነበር፤ ባትሪው የተመራማሪዋ ካፖርት ኪስ ውስጥ ገብቷል። የመጡት ሦስት ናቸው፤ ረጋ ያለች መነጽራም ሰብሳቢ፣ ስልኩን የማይለቅ ወፍራም ሰውዬ፣ ሁለቱ ያሉትን የሚጽፍ አንድ ዝምተኛ። ምድር ቤቱ ስለጠበባቸው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆሙ። መምህሩ ቀዩን ክራባት አድርገው ከበሩ አጠገብ በተዘጋጀላቸው ወንበር ተቀምጠዋል፤ እትዬ አሸንፈዋል ማለት ነው። ሱፉ ሰፍቷቸዋል።

"እንግዲህ ልጄ፣ አሳያቸው... አሳዪያቸው" አሉ መምህሩ። ቃል ሲሳሳቱ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ብሎን መብራቱን አጠፋ። ተመራማሪዋ ሌዘሩን ለቀቀች፤ ስለ ድስት ክዳኑ፣ ስለ ዘበኞቹ፣ ሌባ ስለማይነካው ምስጢር አወራች። አፏ ብቻውን ይሄድ ነበር፤ ስንት ጊዜ ያለችው ነገር ነው። ነጠብጣቦቹ ተደራረቡ፣ መስመር ሆኑ፣ መሐሉ ላይ ጉድጓዱ ተከፈተ።

"ይገርማል" አለ ወፍራሙ ሰውዬ፣ ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሱ ከትቶ።

መብራቱ ሲበራ ሦስቱም አጨበጨቡ። ብሎን አላጨበጨበም፤ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ወለሉን እያየ ቆሟል።

አንድ ጥያቄ ጠብቃ ነበር። በተራ ብርሃን ሞክራችሁታል ወይ የሚል፣ ማንኛውም ጀማሪ የሚጠይቀውን። ቢጠይቋት ምናልባት ትዋሽ ነበር፤ መዋሸት እንደምትችል ጠዋት በስልክ አይታዋለች። ለውሸትም ቢሆን ግን ጥያቄ ያስፈልጋል።

"እኔ በበኩሌ የምጠይቀው የለም" አለች ሰብሳቢዋ። "እንዲህ ካለ መሣሪያ እንዲህ ያለ ውጤት ማውጣት የእናንተን ብርታት ነው የሚያሳየው። ሽቦውን ራስዎ ነው የበየዱት የሚሉት እውነት ነው፣ መምህር?"

"በእነዚህ እጆች" አሉ መምህሩ፤ እጆቻቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ወዲያው ጉልበታቸው ላይ መለሷቸው።

"እንፈርምና እንሂዳ፣ ምሳ ሳንበላ ነው የዋልነው" አለ ወፍራሙ። ዝምተኛው ወረቀቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ዘርግቶ ለሰብሳቢዋ እስክሪብቶ አቀበላት።

ተመራማሪዋ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ነበር። ጣቷ ቢራቢሮውን አገኘው፤ አንድ ክንፉ ተልጦ ጫፉ ተነሥቷል። ኮሪደሩ ላይ የተከመሩት ካርቶኖች ታዩዋት። የብሎን ሚስት ሆዷን ደግፋ ደረጃ ስትወጣ ታየቻት። ነገ የሚባለውን ቀንም ልታየው ሞከረች፤ ጋሼ እወቂው ያሏትን ቀን። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ እንደሚጠይቃት አወቀች። ፈርታለች፣ ተስፋ የምታደርገውም ነገር አልነበራትም። ብትናገር ላቦራቶሪው ይዘጋል፤ ባትናገርም ውስጡ ምንም የለም። ባልቴቷ ሁለት ሁለት እየለቀቀች ትኖራለች።

"ብሎን" አለች። "መብራቱን መልሰህ አጥፋልኝ።"

ብሎን ቀና አለ። "አለቃ፣ ጨርሰናል እኮ።"

"አልጨረስንም።"

"ምን ቀረ?" አለች ሰብሳቢዋ፣ እስክሪብቶው በእጇ እንዳለ።

"አንድ ነገር ላሳያችሁ። ብዙ አይቆይም።"

ብሎን እሷን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ቢሆንም እጁን ሰዶ አጠፋው።

በጨለማው ውስጥ ሌዘሩን ዘግታ ባትሪውን ከኪሷ አወጣችና መቆንጠጫውን በጣቷ ፈለገች። ከበሩ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። መምህሩ ተነሥተዋል። መዳፋቸው ግድግዳውን እየዳበሰ በሩን ሲፈልግ ይሰማታል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ክንዳቸውን ይዛ የምታወጣቸው እሷ ነበረች።

"ልጄ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ።

ወደሳቸው አልሄደችም። መቆንጠጫውን አጠበቀች፣ ጥቋቁሮቹን መስታወቶች ከፊቱ ደረደረችና የባትሪውን ቁልፍ ተጫነች።